በባሌ ኪስ ያላለፈ ቦርሳ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ዶዘር ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣችለት የገዛ እናቱ ናት፤ በልጅነቱ የተቀመጠበት በርጩማ ሁሉ እግሩ እየተሰበረ አስቸግሯት ነው አሉ። ሥራው የቧንቧ ጥገና ነው። ቀኑን ሙሉ ሲንበረከክ፣ ሲነሳ፣ በጀርባው ተንጋሎ ከሰው መታጠቢያ ገንዳ ሥር ሲሾልክ ይውላል። ወደ ቤት ሲመለስ ኪሱ ውስጥ የሌለ ነገር የለም፤ የቧንቧ ጎሚኒ፣ ሚስማር፣ የተጨማደደ ደረሰኝ፣ ግማሽ እርሳስ። አንድ ቀን በሕይወት ያለ ጢንዚዛ አውጥቼለታለሁ። ይህን ሁሉ ከኪስ ቦርሳው ጋር አንድ ላይ ይጠቀጥቅና ይቀመጥበታል። አቀማመጡ ደግሞ እንደ ሰው ቀስ ተብሎ አይደለም፤ ዝም ብሎ ራሱን ይለቀዋል።

እኔ በዚህ ነገር ስናደድ ኖርኩ፤ ወንድሜ ግን ተጠቀመበት።

ወንድሜን ጋሼ ነው የምለው፤ ታላቄ ነው። ቆዳ ሠራተኛ ነው፤ የኪስ ቦርሳ፣ ቀበቶ፣ የቁልፍ መያዣ፣ የስልክ ማኅደር ይሠራል። እኔ ደግሞ ከጎኑ የስፌት መኪናው ላይ ነኝ። ድሮ አንድ ደንበኛ የተተረተረ ቦርሳ ይዞበት መጣና፣ «ይሄን የሠራኸው ለሰው ኪስ ነው ለሱቅ መስኮት?» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወርውሮለት ሄደ። ጋሼ በዚያ ቀን እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ አዲስ ቦርሳ ሠርቶ ለባሌ ሰጠው። «እንካ አማቼ፣ የክረምቱ ዝናብ እስኪያልፍ እንደ ልማድህ አድርገው» አለው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሕግ ሆነ። በባሌ ኪስ ያላለፈ ዕቃ የጋሼ ማኅተም አይመታበትም፤ ማኅተም ያልተመታበት ደግሞ አይሸጥም።

ስንቱ ቀርቦ ስንቱ ወደቀ! በማግኔት የሚዘጋው ቦርሳ ጠቅ ሲል ደስ ይል ነበር፤ ዶዘር ግን የኪሱን ሚስማር ሁሉ አስነክሶ እንደ ጃርት አድርጎ መለሰው። ቀጭን ነው፣ ዘመናዊ ነው የተባለለት ባለ ላስቲክ ካርድ መያዣ ካርዱን አልለቅም ብሎ፣ ዶዘር ባንክ ቤት ውስጥ በፒንሳ ሲጎትት የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ «ምን እየሰበሩ ነው?» ብሎታል። ረጅሙ ቦርሳ ባጎነበሰ ቁጥር ከኪስ ሾልኮ ይወድቃል፤ ቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ የሚያጎነብሰው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ከየት እንደተለቀመ አትጠይቁኝ። የስልክ ማኅደሩ ቆዳው ሸጋ፣ ስፌቱ ሸጋ፤ ብቻ የሚከፈተው ስልኩ ጮኾ ጮኾ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ነበር። ባሌ ስደውልለት የማያነሳበትን ምክንያት ሁሉ በዚያ ማኅደር አሳበበ። ማኅደሩ ከተጣለም በኋላ ግን አያነሳም።

ፍርዱ የሚሰጠው ቅዳሜ ከሰዓት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጋሼ ቦርሳውን ያሸተዋል፣ ያጥፈዋል፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይልጠዋል፣ ገበሩን ይገለብጠዋል። ከዚያ፣ «ምን ቀድሞ ሄደ?» ይላል። ክር ከሆነ ግድ የለም፣ ክር ይሰፋል። ቆዳው ከተቀደደ ግን አበቃ። ባሌ አስተያየቱን ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ግማሹ የቀረውን ቦርሳ እያየ፣ «ለእኔስ ተመችቶኝ ነበር» ይላል።

አንዲት ሴት ልጅ አለችን። የአባቷን ትከሻና የእኔን ምላስ ወርሳለች፤ የሚያገባት ሰው ከወዲሁ ይወቀው። ጥሩ ወንበር ያለው የቢሮ ሥራ ነበራት። አንድ ቀን ብድግ አለችና፣ «ስሠራ የዋልኩትን ነገር በእጄ መንካት አልቻልኩም» ብላ ትታው መጥታ ከጋሼ ጎን ቆመች። እኔ ጮኽኩ። ጋሼ ቢላ ሰጣት። መቁረጥ፣ ክር በሰም ማሸት፣ ጠርዝ ማለስለስ፣ ሁሉንም ለመደች። እጇ ጥሩ ነው፤ ይህን የምለው እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፣ እናቷ ስለሆንኩማ በፊቷ ብዬላት አላውቅም።

ዘንድሮ የጋሼ ዓይን ደከመ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሲታገል መርፌውንም ክሩንም የሠራቸውንም ፋብሪካ ይራገማል። ጎረቤታችን ሶፋ ሠሪው ይህን ሰምቶ «ክፍሉን ስጠኝ፣ የስፖንጅ ማከማቻ ላድርገው» እያለ ይመላለስ ጀመር። ልጄ እንደዚያ የምትሳሳለት ጠረጴዛ ስፖንጅ ሊጫንበት ነው። ጋሼም አስቦ አስቦ ጠራት።

«ስሚኝ» አላት። «ማኅተሜን በዝምድና አላወርስም። ከቆዳው ምርጫ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ያንቺ ብቻ የሆነ አንድ ቦርሳ ሥሪ። እንደ ሁሉም ዕቃ ዝናቡ እስኪያልፍ አባትሽ ይይዘዋል። ካለፈ ጠረጴዛውም ማኅተሙም ያንቺ ነው። ካላለፈ ክፍሉን ለሶፋ ሠሪው እሰጣለሁ፤ አንቺም ወደ ቢሮሽ ትመለሻለሽ።»

«እሺ አጎቴ» አለች። ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ነበር።

ሠራችው። ሁለት እጥፍ፣ ቡናማ፣ ለታይታ ያልተሠራ ቦርሳ። ስትሰጠው አባቷ እጁን ሱሪው ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጎ፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እንደ ልማድህ ነው አባዬ። እንዳታዝንለት» አለችው።

«ምን በወጣኝ! ዶዘር አይደለሁ እንዴ?» አለና ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ዝናቡ ገባ። የባሌ ነገር ያኔ ተለወጠ። ሱሪውን ሳጥብ የኋላ ኪሱ እንደ ሙሽራ ልብስ ለጥ ብሏል። ዳቦ ቤት ሒሳብ ሲከፍል ብሩን ከኮፍያው ውስጥ ሲያወጣ አየሁት። «ቦርሳህስ?» ብለው ደረቱን ዳበስ አድርጎ «አለ፣ አለ» ይለኛል። ባሏ ደረቱን እየዳበሰ የሚሽኮረመም ሴት የምታስበውን አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ከእግሩ እስከ ራሱ አየሁትና፣ ማን ይወስድብኛል ብዬ ተውኩት።

ዝናቡ አለፈ፣ የፍርዱ ቅዳሜ ደረሰ። ሶፋ ሠሪው ከማንም ቀድሞ ሜትሩን ይዞ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ልጄ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆማለች፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ። ባሌ ቦርሳውን አወጣና በስሱ አስቀመጠው።

ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ልጥፍ ብሎ ተኛ።

እኔ ያኔውኑ ገባኝ። በዶዘር ኪስ ያለፈ ቦርሳ አይተኛም። የባለቤቱን መቀመጫ ተከትሎ ይጎብጣል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩት እንደ ጀልባ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይሄ ግን ከመስፊያው የተነሳ አሁን ነው ቢባል ማን ይጠራጠራል? ጋሼ አሸተተው፣ አጠፈው፣ በጥፍሩ ላጠው። «እንዴ!» አለ። ደግሞ ገለበጠው። «ኧረ እንዴ! አንድ ክር እንኳ አልተነሳም እኮ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቦርሳ ሠርቼ አላውቅም።» ፊቱ በራ። ዓይኑ የቱን ያህል እንደ ደከመ የገባኝ ያኔ ነው፤ ወይ ደግሞ ማየት አልፈለገም።

አፌን ያዝኩ። እኔ አፌን መያዝ እንዴት እንደሚከብደኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቃል ብቻ ቀርታው ነበር፣ «አለፈ» ሊል ነው፣ የልጄ ነገር ሊያልቅ ነው ብዬ ቆምኩ። ልጄ ግን እጇን ዘርግታ ቦርሳውን አነሳችው። ከፍታ አሸተተችው።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተን ኪስ አይሸትም።»

«እጄን ታጥቤ ነው እኮ የምይዘው እናቴ።»

«ያ ሁሉ ዝናብ ሲመታውስ?»

«ምን ዝናብ ያገኘዋል፣ ፌስታሉ እያለ…» አለና አፉን በመዳፉ ከደነ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሱ የተመለጠው ወንድሜ አፉ ያመለጠውን ባሌን አፍጥጦ አየው። ከዚያ ሁሉም ነገር ተዘረገፈ። ቦርሳው በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ፣ በመርፌ ቁልፍ ተወግቶ ነው የከረመው። ሥራ ቦታ ሲደርስ ከነፌስታሉ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል። ለመገበያያ ያንን ኮፍያ ይጠቀማል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ጋሼ ጠረጴዛውን መታው። «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ የሠራሁትን ስታፈርስ አንድ ቀን አዝነህልኝ ታውቃለህ? አንድ ቀን? ያንን የመሰለ የጀርባ ቆዳ ወስደህ ፌስታል ውስጥ!»

ልጄ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። «የምን የጀርባ ቆዳ?»

የጀርባ ቆዳ የማታውቁ ብትኖሩ፣ የቆዳ ምርጡ እሱ ነው፤ አይለጠጥም፣ አይሸበሸብም። የሆዱ ግን ልል ነው፤ ዘወትር የምንሠራበት ክምር የሁለቱ ድብልቅ ነው።

«እኔ ከክምሩ ነው ያነሳሁት» አለች።

«ከክምሩ ነዋ።»

«ከክምሩ ላይ ማን አስቀመጠው አጎቴ?»

ጋሼ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ለራሱ የመጨረሻ ሥራ ብሎ ጠቅልሎ ያኖረውን ቆዳ ነው ከክምሩ አናት ላይ ያስቀመጠላት። «በዝምድና አላወርስም» ያለው ሰውዬ! ሳቄ አመለጠኝ። ያ ነው ስህተቴ።

«እማዬ፣ አንቺስ?»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ስትዋሺ ቀድመሽ ትጠይቂያለሽ።»

ምን ላድርግ፣ ተያዝኩ። ለምሳ ስትወጣ አራቱን ጥጎች ድርብ አድርጌ ሰፍቻቸው ነበር። በዚያው በገዛ ቀዳዳዋ፣ በዚያው ቀለም ክር፣ ማንም በማያውቀው መንገድ። «አንዴ ብቻ ነው» አልኩ። ይሄ ነገሩን የሚያቀለው መስሎኝ ነበር።

ሶፋ ሠሪው ሜትሩን ጎተት አድርጎ፣ «ታዲያ ክፍሉን ልለካው ወይስ?» አለ።

«ቆይ!» አልነው ሁላችንም ባንድ አፍ።

ልጄ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳውን አስቀመጠችና፣ «ለአጎቴ ሥራ አንዳችሁም አዝናችሁ አታውቁም» አለች። «ለምን? እንደሚችል ታውቃላችኋ። ለእኔ ግን ሦስታችሁም አዘናችሁልኝ። ይበጠሳል ብላችኋል ማለት ነው።»

ልክ ነበረች። እኔ በእጇ እመካለሁ፣ ግን መርፌዬን ይዤ የተነሳሁት ፈርቼ ነው፤ ጋሼም፣ አባቷም እንዲሁ። መውደድና ማመን አንድ ይመስለኝ ነበር። አይደሉም ለካ።

«እናቴ» አለ ባሌ፤ ያ ትከሻ ወርዶ ወርዶ እንደ ልጅ ሆኖ። «በእኔ እጅ ተበጥሶ ወደዚያ ቢሮ ብትመለሺስ? ምን ዓይን አለኝ አንቺን የማይበት?»

«ተበጥሶ ብታሳየኝ የት ላይ እንደሚበጠስ አውቅ ነበር አባዬ። አሁን ምንም አላውቅም።»

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ አንድ ወር ጠየቀችው። ጋሼ ሶፋ ሠሪውን አየው፤ ሶፋ ሠሪው ጣሪያውን አየ። «እስከ ወሩ መጨረሻ እንግዲህ» አለና ሜትሩን ጠቀለለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስፖንጁ ነው ቦታ ያጣው።

በነጋታው ሦስታችንም ከክፍሉ ተባረርን። ጋሼ ከገዛ ሱቁ! እኔ የስፌት መኪናዬን በረንዳ አውጥቼ ጀርባዬን ወደ በሩ አድርጌ ቀበቶ እሰፋለሁ። ባሌ ምሳ ይዞላት ይመጣና ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ገበያ ሌባ ዓይኑን መሬት ተክሎ ይመለሳል። ጋሼ ብቻ አልችል ብሎ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ፣ «የሆድ ቆዳ ነው እኮ የያዝሽው፣ ይለጠጣል!» ብሎ ጮኸ።

«አውቄ ነው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ዘወትር የምንሸጠው በዚህ አይደል? እጥፋቱ ላይ ደርቤበታለሁ። ከበሩ ይነሱ!»

ሲያልቅ ለማን እንደምትሰጠው ጭንቅ ሆነብን። ባሌ ሊጠይቅ ፈልጎ ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው። የሰጠችው በሰፈራችን በኩል ለሚያልፈው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ይቺ ሴትዮ ምላሷ መስመሩን በሙሉ ያስተዳድራል፤ ሾፌሩ ራሱ ቀይ መብራት ላይ የሚቆመው እሷን ፈርቶ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ በላበው እጇ መልስ ትሰጣለች፣ ትጋፋለች፣ ትጨብጣለች። ኪሷ ውስጥ መታወቂያ፣ ቁልፍ፣ ትኬት፣ የከንፈር ቅባት፣ የጠርሙስ መክፈቻ አለ። ልጄ ማን እንደሠራው አልነገረቻትም። «የሚሞክርልኝ ሰው ፈልጌ ነው፤ በወሩ መጨረሻ እወስደዋለሁ» ብቻ አለቻት።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። አውቶቡሱን መሳፈር ተከልክለናል። ባሌ ፈተና እንዳይጥለው የመሣሪያ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ፊቱን ወደ አጥር ያዞራል። ጋሼ የሰው ቀበቶ እየሠራ ድንገት «ጥጉን ድርብ አድርጋው ይሆን?» ይላል። እኔ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ቤቱን ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባሁት።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ልጄ ጠዋት ልታመጣ ሄደች። እኛ ሱቁ ውስጥ ተኮልኩለን ቁጭ አልን፤ ሶፋ ሠሪውም ሜትሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመሀላችን አለ። በሩ ተከፈተ። እጇ ባዶ ነበር።

«የታለ?» አለ ጋሼ።

«የለም።»

ባሌ እንደ ልማዱ ራሱን በርጩማው ላይ ለቀቀው፤ በርጩማው ጮኸ። «ጠፋ?»

«አልጠፋም። አልመልስም አለችኝ።»

«እንዴት አልመልስም? የሷ ነው እንዴ?»

«እኔም እሱን አልኳት። ‹ታዲያ ምን ልይዝ ነው?› አለችኝ። ሌላ ላምጣልሽ ብላትም እንቢ፤ የለመድኩትን አለችና የአውቶቡሱን በር ዘግታብኝ ሄደች።» ልጄ እስካሁን አልሳቀችም። ነገሩ ማለፍ ይሁን መውደቅ ለራሷም አልገባትም።

ጋሼ ባርኔጣውን አነሳ። «ሳላየው ማኅተም አልሰጥም» አለ። ክልከላው መቼም አብቅቷል ብለን እኔና ባሌም ተከተልነው። ሶፋ ሠሪው ከልጄ ጋር ቀረ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፈርን። ባሌ በሩ ላይ ሲቆም የሚተርፍ አየር የለም።

«እናንተ ትልልቅ ሰዎች፣ በሩን ምን ሆናችሁ ነው የወተፋችሁት? ወደ ውስጥ!» አለች ትኬት ቆራጯ፤ ቦርሳውን ከኪሷ መዝዛ አወጣችው።

አየነው። ጠቁሯል። ሆዱ እንደ እርጉዝ ተነፍቷል፣ ጥጎቹ ለስልሰው ያብለጨልጫሉ፣ ወገቡ ጎብጧል። አንድ እጇ ላይ ትኬት፣ አንዱ ላይ ቦርሳው ነበርና፣ ፌርማታ ሲደርስ በዚያው ቦርሳ የአውቶቡሱን ብረት ሁለት ጊዜ በኃይል ወገረችው። ሾፌሩ ቆመ። ለካ መጥሪያዋ እሱ ነው! ጋሼ ራሱ የተመታ ያህል ዓይኑን ጨፈነ።

«ልጄ፣ ያንን ቦርሳ አንዴ ላየው?» አላት።

«ለምን?»

«ቆዳ ሠራተኛ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ሒሳብ፣ አባቴ!»

ጋሼ ከፈለ። እንደገና ደፈረና፣ «ጉድለት አለው?» አላት።

«አለው እንጂ። የመታወቂያው ኪስ ይጠባል፤ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ታግዬ ነው የማወጣው። ይቺ ጥግ ላይም ክር ተነስታለች። ለልጅቷ ነግሬያታለሁ።»

«ቆዳውስ?»

ትኬት ቆራጯ ቦርሳውን ገለበጥ አድርጋ አየችና በግርምት ወደ እሱ ቀና አለች። «ቆዳው ምን ይሆናል?»

ጋሼ ሌላ አልጠየቀም። ባሌ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆይቶ ቆይቶ አልቻለም፤ ያንን ድምፁን ለቀቀው። «የልጄ ሥራ ነው!» ብሎ አውቶቡሱን አናወጠው። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ታዲያ ለምን አይከፍሉም?» አለችው ትኬት ቆራጯ።

በሚቀጥለው ፌርማታ ወርደን በእግራችን ተመለስን። ባሌ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ከጓደኛው ጋር የሚጣላ ይመስል ለራሱ እየተናገረ። ጋሼ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብሎ፣ «ብረት ላይ ነው እኮ የምትመታው» አለኝ። «አየሁ ጋሼ» አልኩት።

ሱቁ ስንገባ ሶፋ ሠሪው መሀል ወለሉ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ልጄ በገዛ ሜትሩ ወገቡን እየለካችው ነው። ለካ መዶሻና መቀስ የሚሸከም ቀበቶ ፈልጎ፣ ስንት ዓመት ሳይናገር ኖሯል። ሲያየን አፈረና ሜትሩን እዚያው ረስቶት ወጣ።

ጋሼ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ «የመታወቂያው ኪስ ይጠባል ተብሏል» አላት።

«አስፍቼ ቆርጫለሁ» አለች።

እውነትም ቆርጣለች። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር በአዲስ ቁራጭ ተሸፍኗል፤ የመታወቂያው ኪስ ከንፈር ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ተጎርዷል። ጋሼ ወደ ቦታው ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። እጁን የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ የለም። መሳቢያውን ከፍቶ ማኅተሙን አወጣው፤ ትንሽ ያዘውና በቁራጮቹ መሀል፣ በቀኝ እጇ በኩል አስቀመጠላት። ልጄ አየችው። የእኔ ልጅ ናት፣ በሰው ፊት አታለቅስም። አባቷ ለሁለቱም እያለቀሰላቸው ነበር።

ጋሼ ዞር ዞር አለ። ከዚያ ሄዶ በሩ አጠገብ ያለው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እዚያ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም። ጉልበቱን ገጥሞ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ክፍሉን እንደ እንግዳ ያያል። አንጀቴን በላው። ልጄም ታይቷታል መሰለኝ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ለደንበኛ በምትናገርበት ድምፅ፣ «ምን ልታዘዝ አባቴ?» አለችው።

ጋሼ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እያስተካከለ፣ «ቦርሳ ፈልጌ ነበር» አለ።

«በፊት ኪስ ነው በኋላ ኪስ የሚይዙት?»

«እንጃ» አለ። «ይዤ አላውቅም።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ሳቅን። ከዚያ አሰብኩት። በሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ያለው የእሱ ሥራ ነው፤ የራሱን ኪስ ግን ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ከቤቱ እስከዚህ ጠረጴዛ፣ ከዚህ ጠረጴዛ እስከ ቤቱ፤ በመሀል ምን ይገዛል፣ ለማን ምን ያሳያል? አሁን ገና ነው መንገድ የሚወጣው።

ልጄ ሳቋን አቆመች። የሶፋ ሠሪውን ሜትር አንስታ ወደ እሱ መጣችና፣ «እስቲ ይቁሙ፣ ኪስዎን ልለካው» አለችው። ጋሼም ባርኔጣውን ለእኔ ሰጥቶኝ ተነስቶ ቆመላት።